ወደ ፊት የተዘረጋ ድር

መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጫለሁ። አብረውኝ የተቀመጡት ሽማግሌ የለስላሳ ቆርኪዎችን ሰብስበው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ አራት ከኋላ፣ ሦስት ከመሀል፣ ሦስት ከፊት። ግብ ጠባቂው የስኳር ማንኪያ ነው። ከዚያም ፊተኞቹን ወደ ባላጋራ ሜዳ ገፉና «ኳስ የሚነጠቀው እዚህ ነው» አሉኝ። ከኋላ ግን ሰፊ ባዶ ቦታ ቀረ። «ይህስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ዋጋው ነው፣ ልጄ» አሉና ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ወጣቶች «ፕሬሲንግ» የሚሉት ጨዋታ ሙሉ ታሪኩ የዚህ ዋጋ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቪክቶር ማስሎቭ የኪዬቩን ዲናሞ በኅብረት እየተራወጠ ኳስ እንዲነጥቅ አስተምሮ ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የሶቭየት ኅብረት ሻምፒዮን አደረገው። በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ የሪኑስ ሚኬልስ ሆላንዶች ኳስ የያዘውን ሰው እንደ ንብ ከበቡት። አሪጎ ሳኪ በበኩሉ በሚላን ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 ሜትር እንዳይበልጥ አዘዘ። ሦስቱም የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ አጥቂ ብቻውን ቢሮጥ ድካም ነው፤ አሥሩ አብረው ሲጠጉ ግን ሜዳው ይጠብባል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህ ጨዋታ ይመስላል።

በእኛ አገር ወደ ፊት የመሄድን ድፍረት ሳስብ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን ገጠሙ። ሁለት ጊዜ ተመሩ፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ። ሁለተኛዋን የአቻ ግብ በ84ኛው ደቂቃ ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አሸነፉ። ሲመሩ ያላፈገፈጉ፣ አቻ ሲሆኑም ያላረፉ ነበሩ።

ይህች ከተማም የራሷ ዘመን ነበራት። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ፣ በመጨረሻው ቀን ጨዋታ ፋሲል ከነማን ቀድሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ከዓመት በፊት ይህንኑ ዋንጫ ከጅማ አባ ጅፋር ጋር ወስደዋል። አማኑኤል ገብረሚካኤል በ18 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ የ2012ን ውድድር አሰረዘ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። የትግራይ ክለቦች ለአራት የውድድር ዘመናት ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው።

ሽማግሌውን የጠየቅሁት ስለዚህ ዝምታ ነበር። እግር በልምምድ ይፈታል፤ ትንፋሽም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ነገር ግን አጥቂው ዞር ሳይል ወደ ፊት የሚሮጠው ጓደኛው ከኋላው እንደሚከተለው ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት የሚገኘው ለብዙ ጊዜ አብሮ ከመውደቅና አብሮ ከመነሣት ነው። ብዙ ያጣ ሰው ደግሞ ዞር ዞር ማለት ያበዛል፤ ያለችውን ሊጠብቅ ወደ ራሱ ግብ ይሸሻል። ይህ የቡድን ብቻ ጠባይ አይመስለኝም፤ የከተማም፣ የአገርም ነው።

«ታዲያ አሁን አፈግፍገው ቢጫወቱ አይሻላቸውም?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ለጊዜው ዝም አሉ። ቀጥሎ እጃቸውን ዘርግተው ቆርኪዎቹን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በዚህኛው ዙር አጥቂዎቹን አልነኩም። አስቀድመው አራቱን ተከላካዮች አንድ በአንድ ወደ መሀል አስጠጉ፤ ማንኪያውንም ከግቡ አወጡት። ባዶው ቦታ ከአጥቂዎቹ ጀርባ ጠፍቶ ከተከላካዮቹ ጀርባ ሆነ።

«መጀመሪያ ከኋላ ያለው ይጠጋ» አሉኝ፤ «የፊተኛው ያኔ ራሱ ይሮጣል።»