ባዶው ቻናል የማን ነው?

የቤታችን የቲቪ አንቴና የታሰረው ቀርከሃ ላይ ነበር። እንጅባራ ቀርከሃ አይቸግርም፤ አባዬ ረጅሙን መርጦ ቆረጠና ከማድ ቤቱ ጥግ ተከለው። ዜና ሰዓት ሲደርስ አንዳችን ብርዱን ችለን ውጭ ምሰሶውን እናዞራለን፤ ሌላችን ከውስጥ «እዛው! እዛው! ኧረ አለፈ፣ መልሰው!» እያልን እንጮኻለን። ጠርቶ የሚገባው ቻናል አንድ ብቻ ነበር። በሌሎቹ ቁጥሮች ላይ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ነው የሚታየው። «ባዶ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባዬ ልቡን ታሞ ከቤታችን ራቅ ያለ ሆስፒታል ተኛ። ደረቱ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች ራስጌው ካለው ሞኒተር ጋር ይያያዛሉ። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ በተነሳ ቁጥር አንዱ ይነቀላል፣ ሞኒተሩ ይጮኻል፣ ነርሷ ትሮጣለች። እሱም አፍሮ ተመልሶ ይተኛል። የመሣሪያ ጥገና ባለሙያውን «ሽቦ የሌለው የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አለ እንጂ» አለና ወደ መጋዘን ይዞኝ ሄደ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ፣ ካርቶኑ እንኳ በደንብ ያልተከፈተ ዕቃ ነው። ታካሚው እንደ ሞባይል ኪሱ ከቶት ይንቀሳቀሳል፤ የልቡ ምት በሬዲዮ ሞገድ ነርሶቹ ክፍል ስክሪን ላይ ይታያል። ጀርባው ላይ 608–614 ሜጋኸርዝ ይላል። «ይሠራል» አለኝ፤ «ግን ወንድሜ፣ ይሄ ሞገድ እዚህ አገር የማን እንደሆነ የነገረን ሰው የለም። ዛሬ ባዶ ነው። ነገ ቲቪ ቢመጣበትስ? ያኔ ስክሪኑ ላይ የማን ልብ ነው የሚጠፋው?»

እውነቱን ለመናገር በጊዜው ሰውየው ሰነፍ መሰለኝ። ታሪኩን ሳነብ ግን ፍርሃቱ ከዚህ በፊት በእውን ደርሶ እንደነበር ገባኝ።

ነገሩን በርስት ቋንቋ ላስረዳ፤ ጎጃም ላደገ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬት ነው። አይጨመርም፣ የሚቻለው መከፋፈል ብቻ ነው። ለቲቪ ይሄ ቁራሽ፣ ለአውሮፕላን ያ ቁራሽ፣ ለሞባይል ሌላው እየተባለ ይሸነሸናል። ድንበሩን አገሮች ተሰብስበው የሚያካልሉት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ኢትዮጵያ የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ቀድማ ማለት ነው።

በዚህ መሬት ላይ ባለርስት አለ፣ ጭሰኛም አለ። ባለርስቱ «ቀዳሚ» ተጠቃሚ ይባላል፤ የሚረብሸው ሲመጣ ከሶ ማስነሳት ይችላል። ጭሰኛው «ሁለተኛ ደረጃ» ተጠቃሚ ነው። ባለርስቱ ባልደረሰበት ጥግ ይጠቀማል፤ ባለርስቱ ሲመጣ ይለቃል። ቢረበሽ አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

ሬዲዮ ላይ ደካማው የሚሰማው ብርቱው ዝም ሲል ብቻ ነው። ይህን የእኛም አካባቢ ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ፣ እንጅባራም ዳንግላም በጣሊያን ጦር እጅ ሳሉ፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለው ቡድን ከአርበኞቹ ጋር እየሠራ ፋግታ ሰፍሮ ነበር። ከካርቱም ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮው ነው። በጠላት ተከበው የያዙት ትንሽ ማሰራጫ ነበረች፤ መልእክቷ የሚደርሰው በዚያው ሞገድ ላይ ከእሷ የሚበረታ ካልመጣ ብቻ ነው። የሕመምተኛ ኪስ ውስጥ ያለችው መሣሪያም እንደዚያው ናት።

የልብ ምትን በሬዲዮ የመላክ ሐሳብ የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው፣ ከኖርማን ሆልተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞንታና ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ 38 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ እንደ ጤፍ ኩንታል ጀርባ ላይ የሚታዘል! ዓላማው ግን ግልጽ ነበር፤ ሰው አልጋ ላይ ተጋድሞ ሳይሆን እየኖረ ልቡ ምን እንደሚሠራ ማየት። መሣሪያው እያነሰ ሄዶ ሆስፒታል ገባ። ታዲያ በየትኛው ሞገድ ይሥራ? አምራቾቹ ዙሪያቸውን ቢያዩ በየከተማው ቲቪ የማይሠራባቸው ባዶ ቻናሎች አሉ። እዚያ ገቡ፣ በጭሰኝነት። ለዓመታት ማንም አልነካቸውም።

ከዚያ ዳላስ መጣ። የካቲት መጨረሻ 1998 እ.ኤ.አ.፣ ደብሊው ኤፍ ኤ ኤ የተባለው የቲቪ ጣቢያ አዲሱን ዲጂታል ስርጭት ለመሞከር በቻናል 9 ማሰራጫውን አበራ። ፈቃድ ነበረው፤ የሠራው ጥፋት የለም። ቤይለር የተባለው ትልቅ ሆስፒታል ግን የልብ ሕመምተኞቹን የሚከታተለው በዚያው ቻናል 9 ላይ በሚሠሩ መሣሪያዎች ነበር። ስክሪኖቹ መረጃ መቀበል አቆሙ። ምክንያቱ ሲታወቅ ጣቢያው ማሰራጫውን አጠፋ፣ ሆስፒታሉ መሣሪያዎቹን ወደ ሌላ ሞገድ እስኪያዛውርም ጠበቀ። ደግነቱ የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ለምን ያን ጊዜ? በሽግግሩ ወቅት እያንዳንዱ ጣቢያ አሮጌውን የአናሎግ ቻናል ሳይለቅ ለዲጂታሉ ሁለተኛ ቻናል ተሰጠው። ስለዚህ ለዘመናት ባዶ የነበሩት ቁጥሮች በአንዴ መሞላት ጀመሩ። ዲጂታል ስርጭት ደግሞ ክፍተት አይተውም። የአናሎግ ቲቪ ጉልበት በምስሉና በድምፁ ዙሪያ ይከማቻል፤ ዲጂታሉ ግን የቻናሉን ስፋት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሞላዋል። ከጥቂት ሺኛ ዋት ጀምሮ የምትናገር የኪስ መሣሪያ፣ በሺዎች ዋት ከሚጮህ ማማ ጋር ምን ትሆናለች?

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መሣሪያዎቹ ጭሰኛ መሆናቸው በሕጉ ተጽፎ ነበር። ማንም አልደበቀውም። ግን ሞገድ የሚያድለው መሥሪያ ቤት የሚነጋገረው ከጣቢያዎች ጋር ነው፤ የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው ከአምራቾች ጋር። አልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ሕጉ ነበረ፤ ያልደረሰው ወሬው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ለሆስፒታሎችና ለጣቢያዎች ማሳሰቢያ አወጡ። አዲስ ዲጂታል ጣቢያ ማሰራጫውን ከማብራቱ በፊት በአካባቢው ላሉ የጤና ተቋማት እንዲያሳውቅ ታዘዘ። ሰኔ 2000 እ.ኤ.አ. ላይ ደግሞ ለሽቦ አልባ የሕክምና ክትትል የራሱ ርስት ተሰጠው፤ ከቁራሾቹ አንዱ 608–614 ሜጋኸርዝ፣ የአሜሪካ ቻናል 37 ነው። የሚጠቀም ሆስፒታል መሣሪያውንና ቦታውን ማስመዝገብ አለበት።

ቻናል 37 ግን እንዴት እስከዚያ ቀን ነጻ ሆኖ ቆየ? መልሱ ከዋክብት ናቸው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዳንቪል አጠገብ ከሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ድምፅ የሚያዳምጥ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ሠርቶ ነበር፤ የሚያዳምጠውም በዚያ ሞገድ ነው። ቲቪ እዚያ ቢገባ ሥራው ያበቃል። ሳይንቲስቶቹ ተሟገቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963ም ቻናሉ ለ10 ዓመት እንዲከለል ተወሰነ፤ ክልከላው ከዚያም በኋላ ጸና። ልክ እንደ ደብር ደን ነው። ዛፉ የተረፈው ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር ተብሎ ነው፤ ጥላው ግን ለመንገደኛም ይሆናል። ለከዋክብት ተብሎ የተጠበቀው ዝምታ ከ37 ዓመት በኋላ ለሕመምተኛ ልብ መጠለያ ሆነ። ያኔ ማንም ተከራክሮ ባያስከልለው ኖሮ በ2000 የሚሰጥ ቦታ ባልተገኘ።

እንግዲህ ወደዚያች ካርቶን እንመለስ። 608–614 የአሜሪካ ርስት ነው፤ ርስት ደግሞ ድንበር አይሻገርም። አሜሪካ የቲቪ ቻናል ስፋቱ 6 ሜጋኸርዝ ነው፤ በእኛ ክልል 8 ነው። ስለዚህ እዚህ ያቺ ቁራሽ የምትወድቀው ከ606 እስከ 614 ባለው በቻናል 38 ውስጥ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ይህ ቻናል በአፍሪካ ለቲቪም ለሬዲዮ አስትሮኖሚም በእኩል ደረጃ ተመድቧል። ለልብ ሞኒተር የሚል ግን አሜሪካ የሰጠችው ዓይነት ቃል በዚያ መስመር ላይ የለም። አንድ ዕቃ እዚያ ባለርስት፣ እዚህ ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። የመጋዘኑ ሰውዬ በደመ ነፍስ የጠረጠረው ይሄንን ነበር።

«ግን እኮ ማን ቲቪ በአንቴና ያያል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ አፍሪካን ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ አገሮችን የሚመለከት የዲጂታል ቲቪ ዕቅድ ጸድቆ ነበር፤ አብዛኛው ሽግግር እስከ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. እንዲያልቅ ነበር የታሰበው። ኢትዮጵያ በቀኑ አልደረሰችም፤ ሕዝቡ ግን ሳይጠብቅ ዲሽ ገዛ። የዛሬ ልጆች እንጅባራም ዳንግላም ጣሪያ ላይ የሚያዩት ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ሳህን ነው። የዲሹ ሞገድ ሌላ መንደር፣ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። የታችኛው መንደር ጸጥ ብሏል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዳላስም እስከዚያ ቀን ድረስ ጸጥ ብሎ ነበር። ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው የቀድሞ የቲቪ መሬት በእኛ ክልል ለሞባይልም ተፈቅዷል፤ ለቲቪ በቀረው ላይ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። «ባዶ» የምንለው ባለቤቱ ገና ያልመጣበትን ነው።

እኛም ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉን። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገዱን ያስተዳድራል፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያውን ይቆጣጠራል። ከዳላስ የሚወሰደው ትምህርት ውድ አይደለም። በእርዳታ የሚመጣ ሽቦ አልባ መሣሪያ ወደብ ላይ ሳለ የሞገድ ቁጥሩ ይታይ። የገባው የት ሆስፒታል እንደተቀመጠ ይመዝገብ። አዲስ ማማ የሚያበራም አስቀድሞ ጎረቤቱ ላለው ሆስፒታል ይንገር። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቀለው ደግሞ ሰማዩ ሳይጨናነቅ ነው፤ ከተጨናነቀ በኋላ ባለርስትን ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከአያቶቻችን መጠየቅ ይበቃል።

አባዬ ድኖ ቤቱ ገባ፤ በሽቦው እንደታሰረ፣ ለሽንት በተነሳ ቁጥር እያስጮኸ። የአንቴናው ቀርከሃ አሁን የአጥሩ ማገር ሆኗል። ካርቶኗ መጋዘን ቀርታለች። ሰውየው ስላላወጣት መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ሁለታችንም ልክ ነበርን። መሣሪያዋ ለአባዬ ትገባው ነበር። እሱም ማንም ባልነገረው ነገር የሰው ልብ አላስይዝም ማለቱ ይገባው ነበር።