ዛፍና ውሃ፦ ከጎንደር ፒያሳ እስከ ስሜን ተራሮች

ከጎንደር ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚሄድ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የቆሙትን ጥዶች ያያል። ምእመኑ በጥላቸውና በዕድሜያቸው ሲያደንቃቸው ኖሯል፤ ለመሐንዲስ ግን ከሁሉ የሚያስገርመው ውሃ አወጣጣቸው ነው። የመምጠጫ ፓምፕ የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ በባሕር ወለል እንኳ ውሃን ከ10 ሜትር ብዙ አያሳልፍም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር ደግሞ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። የሐበሻ ጥድ እስከ 40 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ታዲያ ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል በምን ኃይል ይጠጣል?

ጥያቄውን በሚዛንና በመለኪያ ከጀመሩት ዋነኛው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲፈን ሄልስ ነው። የተቆረጠ የወይን ግንድ ፈሳሹ አልቆም ቢለው በእንስሳ ፊኛ አሰረው፤ ፊኛው ሲወጠር ባየ ጊዜ ግን ማከሙን ትቶ ግፊቱን ወደ መለካት ዞረ። የሱፍ አበባንም ከነማሰሮው ጧትና ማታ እየመዘነ የሚተነውን ውሃ አሰላ። ሥራውን ያሳተመው በ1727 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የተሟላው መልስ ግን ብዙ ዘገየ። በ1894 የደብሊኖቹ ዲክሰንና ጆሊ፣ ውሃው ከሥር የሚገፋ ሳይሆን ከላይ የሚጎተት መሆኑን አስረዱ፤ ከቅጠል የሚተነው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘውን የውሃ ዐምድ ወደ ላይ ይስባል።

በዚያው ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። የማገዶ እጦት መናገሻውን ሊያስነቅል ደርሶ ስለነበር ጥቅሙ ወዲያው ታወቀ። ዛፉ ወደ ደጋው ሲዛመት ምንጭ ያደርቃል የሚለው ክስ ተከተለው። ክሱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ፈጥኖ የሚያድግ ብዙ መጠጣቱ አይቀርም። ሙግቱ ግን ለረጅም ጊዜ የተካሄደው ከመሣሪያ ይልቅ በአንደበት ነው።

ነገሩን ወደ ልኬት ካመጡት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ናቸው። ከጀርመናዊው ኤርቪን ቤክ ጋር በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደን በአንድ ሥፍራ የበቀሉ አገር በቀልና መጤ ዛፎችን፣ ከእነዚህም መካከል ዝግባንና ባሕር ዛፍን፣ በውሃ አጠቃቀማቸው አነጻጸሩ። «በአንድ ሥፍራ» የሚለው ቀላል ነገር አይደለም፤ አለዚያ የአፈሩ ጠባይ የዛፉ ጠባይ መስሎ ይቆጠራል። በግንድ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚለካበት አንዱ መንገድ ፈረንሳዊው ግራኒዬ በ1985 ያቀረበው ነው፦ ሁለት መርፌዎች ግንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ አንደኛው በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ውሃው በፈጠነ መጠን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የሁለቱ ልዩነት ይጠብባል።

ለስሜን ደጋ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን እኒሁ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 ስለ ጅብራ ያወጡት ጥናት ነው። ሥራው በባሌ ተራሮች ይሠራ እንጂ ተክሉ በስሜንም አለ። የጅብራ ችግር ከጥዱ የተለየ ነው። ሌሊት መሬቱ ውርጭ ይይዘዋል፤ ጧት ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፣ ከቀዘቀዘው አፈር ግን ሥሩ ቶሎ ሊያቀርብ አይችልም። እንደ ዛፍ ከፍ ብሎ መቆሙ ቅጠሎቹን በመሬቱ ገጽ ላይ ካለው ብርቱ የብርድና የሙቀት መፈራረቅ ያርቅለታል። ብዙ ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል።