ከክልል እስከ ቀበሌ፦ የአስተዳደር እርከኖቻችን ስያሜና ሥልጣን

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በ12 ክልሎችና ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑ 2 የከተማ አስተዳደሮች የተዋቀረች ናት። ክልሎቹ በአብዛኛው በዞን፣ ዞኖቹ በወረዳ፣ ወረዳዎቹ ደግሞ በቀበሌ ይከፋፈላሉ። እነዚህ ስያሜዎች በአገሪቱ ሁሉ ተመሳሳይ ቢሆኑም ከስያሜው ጀርባ ያለው ሥልጣን ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ ክልል የሕዝብ ምክር ቤት ያለው ዞን በሌላው ክልል የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በጀት የሚያጸድቀው፣ ቅሬታ የሚሰማው ወይም ሠራተኛ የሚመድበው አካል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የእርከኑን ስም ማወቅ ብቻ በቂ አይደለም።

የአሁኑ አከፋፈል ከቀድሞዎቹ የወረሰው ብዙ ነገር አለ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ከፍሎ በሥራቸው አውራጃን፣ ወረዳንና ምክትል ወረዳን አደራጅቶ ነበር። ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን ሲችልና በ1955 ዓ.ም. ኤርትራ ስትጨመር የጠቅላይ ግዛቶቹ ቁጥር 14 ደረሰ። ደርግ ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር ብሎ ሰየመ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ራስ ገዝ አካባቢዎች ተባሉ፤ ቀሪዎቹ ክፍለ ሀገራትም ተሸንሽነው የአስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። ይህ አከፋፈል ብዙም ሳይሠራበት መንግሥቱ ተለወጠ። አውራጃ የሚለው ስያሜ ዛሬ በሕግ ባይኖርም በብዙ አካባቢ ነዋሪው አገሩን ሲጠራ የሚጠቀመው በአውራጃው ስም ነው።

በጥር 1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7/1984 ብሔራዊ ክልላዊ የሽግግር መስተዳድሮችን ሲያቋቁም ክልሎቹ 14 ነበሩ፤ የሚታወቁትም በቁጥር ነበር። ክልል 14 ሲባል አዲስ አበባ፣ ክልል 13 ሲባል ሐረር ማለት ነበር። ከክልል 7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን በስም ዘረዘረ። ክልሎች የሚዋቀሩበትን መመዘኛም በአንቀጽ 46 ላይ የሕዝብ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ በማለት አስቀመጠ።

ሕገ መንግሥቱ ክልሎቹን በስም ሲዘረዝር ከክልል በታች ስላሉት እርከኖች ግን ዝርዝር አላስቀመጠም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው እርከኖች እንደሚዋቀሩ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድም ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ዞን፣ ልዩ ወረዳ፣ ወረዳና ቀበሌ የየራሳቸውን ሥልጣን የሚያገኙት ከክልል ሕገ መንግሥታትና ክልሎቹ ከሚያወጧቸው አዋጆች ነው። ስለሆነም የአንድን ዞን ሥልጣን ለማወቅ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ብቻ ማገላበጥ መልስ አይሰጥም፤ የክልሉ ሕግ መታየት አለበት።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በዞን ላይ ነው። በኦሮሚያና በአብዛኛው የአማራ ክልል ዞን የክልሉን መስተዳድር ወክሎ ወረዳዎችን የሚያስተባብር፣ የሚከታተልና የሚደግፍ አካል ሲሆን በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። የዞኑ አስተዳዳሪ ተጠሪነቱ ወደ ላይ ነው። በዚያው በአማራ ክልል ግን የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ የአርጎባ ብሔረሰብም በልዩ ወረዳ ተደራጅቷል። በጋምቤላ የአኙዋ፣ የኑዌርና የማጃንግ ብሔረሰብ ዞኖች ሲኖሩ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማኦ ኮሞ እንዲሁ በልዩ ወረዳነት ተዋቅሯል። ልዩ ወረዳ ሲባል እንደ ሌሎች ወረዳዎች ለዞን ሳይሆን በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ የሆነ ማለት ነው። በአፋር ዞኖቹ ለረጅም ጊዜ በቁጥር ይጠሩ ስለነበር በቆዩ ሰነዶች ላይ ዞን 1 ተብሎ የሚገኘው የአሁኑ አውሲ ረሱ፣ ዞን 3 የተባለውም ገቢ ረሱ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐረሪ ደግሞ ዞን የሚባል እርከን የለውም፤ በስድስት የከተማና በሦስት የገጠር ወረዳዎች ይተዳደራል። የክልሉ ምክር ቤት ግን የ14 አባላት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔና የ22 አባላት የሕዝብ ተወካዮች ጉባዔ ያለው በመሆኑ ከሌሎቹ ክልሎች ይለያል።

በቀድሞው የደቡብ ክልል ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች የተመረጠ ምክር ቤት ነበራቸው። ይህ የአደረጃጀት ዝርዝር ብቻ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የአገሪቱን ካርታ የለወጠ ነው። አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 እንደሚደነግገው አዲስ ክልል የመመሥረት ጥያቄ የሚቀርበው በብሔሩ፣ በብሔረሰቡ ወይም በሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት ሲያገኝና ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ሲቀርብ ነው። የክልሉ ምክር ቤትም ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት ይጠበቅበታል። ምክር ቤት የነበረው ዞን ይህን መንገድ መጀመር የሚችልበት መሣሪያ በእጁ ነበረው።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጥያቄውን አጽድቆ አቀረበ። ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይካሄድ ቀነ ገደቡ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ደረሰ፤ ቀኑም ወሩም ዓመተ ምሕረቱም በ11 የሚያልቅ በመሆኑ በብዙዎች ዘንድ አስቀድሞ ይጠበቅ ነበር። በዚያ ሰሞን በሐዋሳና በዙሪያዋ በተከሰተ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ንብረትም ወድሟል። የአንድ ቀነ ገደብ መዝለል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሂዶ ከመራጩ 98 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ ክልል መሆንን መረጠ። ሥልጣኑ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲተላለፍ ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች በፍጥነት ተከታትለዋል። ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮና ምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም ኮንታ ልዩ ወረዳ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተሰጠ ድምፅ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መርጠው ክልሉ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጌዴኦና ኮንሶ ዞኖች ከደራሼ፣ አማሮ፣ ቡርጂ፣ አሌና ባስኬቶ ልዩ ወረዳዎች ጋር ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ። በወላይታ ዞን ድምፅ አሰጣጡ በሰኔ 2015 ዓ.ም. እንደገና መደገሙ ይታወሳል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት በነባሩ ክልል ውስጥ የቀሩት ሐድያ፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ከምባታ ጠምባሮ፣ ሐላባና የም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተባሉ። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚለው ስም በዚሁ አከተመ።

ክልል ሲከፈል ካርታው ላይ ከሚሰመረው መስመር ይልቅ የሚከብደው ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሠራተኛው፣ ተሽከርካሪው፣ ሕንፃው፣ መዝገቡ፣ ያልተከፈለው ዕዳና የተጀመረው ፕሮጀክት ሁሉ መከፋፈል ነበረበት። ቀድሞ ሐዋሳ ላይ በአንድ ግቢ ይሠራ የነበረ የቢሮ ባልደረባ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ተገዷል። አዲሶቹ ክልሎች ተቋሞቻቸውን በአንድ ከተማ አላሰባሰቡም፤ ደቡብ ምዕራብ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ፣ ደቡብ ኢትዮጵያም በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች ቢሮዎችን አከፋፍለዋል። አሠራሩ የመቀመጫ ከተማ ክርክርን ለማብረድ የተመረጠ ሲሆን ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ ግን ለሁለት ማኅተም ሁለት ከተማ ሊሄድ ይችላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ልዩ ወረዳ የነበሩት አካባቢዎች ወደ ዞንነት በማደጋቸውም በቆዩ መመሪያዎች ላይ ያለው የአድራሻ ዝርዝር መታረም አለበት።

ለተራው ዜጋ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ወረዳ ነው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው የሚመራው ከወረዳ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ፕሮግራም በቅድሚያ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተግባራዊ ሲሆን ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ተጀመረ። የገንዘቡ ጉዞ እንዲህ ነው፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ማከፋፈያ ቀመሩን ይወስናል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ በጀቱን ያጸድቃል፤ ክልሉ የደረሰውን ድርሻ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ የወረዳው ምክር ቤትም በየዘርፉ ይመድባል። ከተመደበው ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ስለሚውል ወረዳው ለአዲስ ግንባታ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑ ከጅምሩ የታየ ችግር ነው። ወረዳ ለሁለት ሲከፈል አገልግሎቱ ለነዋሪው ይቀርባል፤ በአንጻሩ ሁለተኛ ምክር ቤት፣ ሁለተኛ ካቢኔና ተጨማሪ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያው በጀት ይነሣሉ። የወረዳ እንሁን ጥያቄ ሲቀርብ ይህ ስሌት አብሮ መቅረብ ይገባዋል።

የደብዳቤ ልውውጥን በተመለከተ በአብዛኞቹ ክልሎች የሚሠራበት ልማድ አለ። በክልል ደረጃ ያለው ቢሮ፣ በዞን ያለው መምሪያ፣ በወረዳ ያለው ጽሕፈት ቤት ይባላል። ከስያሜው ብቻ ደብዳቤው የመጣበትን እርከን መለየት ይቻላል።

ከተሞች ሌላ መልክ አላቸው። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 መሠረት ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሲኖራት ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ዝርዝሩ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ተደንግጓል። ለዓመታት አሥር የነበሩት ክፍላተ ከተሞቿ ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆነዋል። ቀበሌ የሚለው እርከን ቀርቶ ወረዳ ቢባልም ነዋሪው ዛሬም መታወቂያውን የቀበሌ መታወቂያ ይለዋል። የአዲስ አበባ ወረዳ ለክፍለ ከተማ ተጠሪ በመሆኑ በርካታ ቀበሌዎችን ከሚያቅፈው የገጠር ወረዳ ጋር እኩያ አይደለም። ድሬዳዋ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሟ አልተጠቀሰም፤ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በተሰጣት ቻርተር ነው።

ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች የተወለደ እርከን ነው። የገጠሩን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አስከተለ።

በክልሎች መካከል የወሰን ጥያቄ ሲነሣ አንቀጽ 48 ተፈጻሚ ይሆናል። ጉዳዩ በቅድሚያ በክልሎቹ ስምምነት ይፈታል፤ መስማማት ካልተቻለ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይወስናል። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ከ400 በሚበልጡ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ አብዛኞቹ ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ እንዲካለሉ ድምፅ ተሰጠ። ውጤቱን በመሬት ላይ ማካለሉ ግን ተጓተተ፤ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በዚያው አዋሳኝ በተቀሰቀሰ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1101/2011 የተቋቋመው ይህን የመሰሉ ጥያቄዎች በበዙበት ወቅት ነበር።

በክልል ውስጥ የሚነሡ የማንነት ጥያቄዎችም ወደ አከላለል ይመራሉ። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ማንነቱ የተለየ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ከጉራጌ ዞን ተለይቶ የራሱን ዞን መሥርቷል። በትግራይና በአማራ ክልሎች መካከል ያሉትን አከራካሪ አካባቢዎች በተመለከተ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጉዳዩ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይደነግጋል።