ቀጥታ መስመር

ቀጥታ መስመር ርዝመት ብቻ ያለው፣ ስፋትም ውፍረትም የሌለው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ገደብ የሚዘልቅ የጂኦሜትሪ ምስል ነው። በሁለት የተለያዩ ነጥቦች ላይ የሚያልፈው አንድ ቀጥታ መስመር ብቻ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ቁራጭም ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዘልቀው ጨረር ይባላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ዩክሊድ ለቀጥታ መስመር ፍቺ ሰጥቶ ነበር፤ ፍቺው ግን ራሱ ማብራሪያ የሚሻ ነው፣ በማረጋገጫዎቹም ውስጥ ሥራ ላይ አልዋለም። ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1899 መፍታቱን ጨርሶ ተወው። መስመር ከነጥብና ከጠለል ጋር ያለውን ዝምድና በመነሻ ሕጎች መወሰን በቂ ሆኖ አገኘው።

በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ፣ ቀጥ ብሎ ካልቆመ በቀር፣ መስመሩን ሁለት ቁጥሮች ይወስኑታል፤ እነርሱም የማዘንበሉ መጠንና ቋሚውን ዘንግ የሚያቋርጥበት ቦታ ናቸው። እኩል ያዘነበሉ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ትይዩ ናቸው።

በሉል ገጽ ላይ የቀጥታ መስመርን ቦታ የሚይዘው፣ እንደ ምድር ወገብ ሉሉን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ክቦች ምንጊዜም ስለሚቋረጡ በዚያ ትይዩ የሚባል ነገር የለም።