ከአኩፋዳ እስከ ቆሼ

አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ቆዳ ይጠይቅ ነበር። ይህን ያህል ከብት የታረደለት ገጽ በዋዛ አይጣልም። ቆዳው ሲፋቅ ቢሸነቆር ፋቂው በጅማት ይሰፋዋል፤ ካልተሰፋም ጸሐፊው ቀዳዳውን እየዞረ ይጽፋል። ከዳር የተቆረጠው ለጥራዝ ማጠናከሪያ ይውላል። ያረጀ መጽሐፍ ቅጠል ለአዲሱ መሸፈኛ ሆኖ አብሮ ይጠረዛል። የጥንት ጽሑፍ መርማሪዎች ከመጽሐፉ ከራሱ በዕድሜ የሚበልጥ ቁራጭ ከመጠረዣው ውስጥ የሚያገኙትም ለዚህ ነው። ጥቁሩ ቀለም እንኳ ከምድጃና ከኩራዝ ጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ እስኪበስል የሚቆይ ነበር።

ብራናው በሚጻፍበት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የሚማረው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። አንዱን መጽሐፍ ብዙዎች ከበው ያጠኑታል፤ ታላቁ ለታናሹ ያስቀጽለዋል።

ይህን ሁሉ ያስተማረው እጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እጦትማ ነበር። ነገር ግን እጦት ብቻውን ሥርዓት አይሠራም። በዚያ ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ ቀጣይ ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፦ ቁራጩ የጠራዡ፣ ጥላሸቱ የቀለም ቀማሚው፣ ድርቆሹ የነገ ረኃብተኛ። በገበሬውም ደጅ እንዲሁ ነበር። የጠላው አተላ ለከብት፣ ፍጉና አመዱ ለጓሮው ጎመን ይሄዳል። ቆሻሻ የምንለው ነገር የበዛው «ከእኔ ቀጥሎ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካጣ ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንንም በዚህ ጥያቄ ልመዝናቸው እወዳለሁ።

የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት አጀማመር ለጥያቄው የሚያኮራ መልስ ነበረው። በ1943 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ መቀመጫው የሆነው ገነተ ልዑል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት የነበረ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ የሆነ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ቦምብ የተወረወረበት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታጋቾች የተገደሉበት ግቢ ነው። ያን ያህል ደም ያየ ቤት ይዘጋ ወይም ይፍረስ ቢባል ማንም አይደነቅም ነበር። ተማሪ ገባበት። ፋሽስቶች በሥልጣን የቆዩበትን ዘመን በደረጃዎቹ እየቆጠሩ ያቆሙት ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ሐውልትም አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ዛሬ የስድስት ኪሎ ተማሪ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያየው ጠላት የተወውን ነገር አገር እንዴት አድርጋ የራሷ እንዳደረገችው ነው።

በእነዚያው የ1950ዎቹ ዓመታት ግን በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ረጲ ላይ ሌላ ተቋም፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ተከፈተ። ያኔ ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር፤ ሕዝቡ ቆሼ አለው። ትምህርት ቤቱና የጥራጊው ሜዳ እኩዮች መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይታወሰንም። አንዱ ምሩቃንን፣ ሌላው ክምርን እያወጣ አብረው አደጉ። ከተማዋም እየሰፋች ሄዳ ሜዳውን ከበበችው፤ ከክምሩ ሥር ቤት ተሠራ፤ ከክምሩ ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች በዙ። በ2008 ዓ.ም ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ቢከፈትም የአካባቢው ገበሬዎች አቤቱታ በወራት ውስጥ አስቆመው፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አገሪቱ ሦስት ቀን አዘነች።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ከቤታችን የሚወጣው ጥራጊ አብዛኛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ፣ ማለትም እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ነገር ለእሳት አይመችም፤ ለአፈር ነው የሚመቸው። ምድጃው የሚጀምረው ክምሩ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ችግሩ ግን የሚጀምረው ከጓዳው፣ ከማዕድ ቤቱና ከቢሮው ነው።

አሁን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። እያንዳንዱ ግቢ ሺዎች የሚተኙበት፣ የሚበሉበትና የሚጽፉበት ራሱን የቻለ ከተማ ነው። በነዚህ ከተሞች ውስጥ ብዙ የምቆይበት ማዕድ ቤቱ ጋ ነው። ከተማሪው ሳህን የሚተርፈው እንጀራና ወጥ ቡሌ ተብሎ ከግቢ ይወጣል፤ በር ላይ የሚጠብቀው ችግረኛም ይበላዋል። ይህ መንገድ ባይኖር ምግቡ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ነበር የሚሄደው፤ ስለዚህ መንገዱን መዝጋት ጭካኔ ነው። እንዳለ መተውም ግን አያስከብረንም። አኩፋዳ ይዞ የሚዞረው ተማሪ የሚሰጠው ከቤተሰቡ መሶብ የተቆረሰ እንጂ ከሳህን የተራገፈ አልነበረም። ማዕድ ቤቱ ዛሬ ስንት ተማሪ እንደሚበላ ቀድሞ ቢያውቅ፣ ተማሪው የሚበቃውን መጠን ራሱ ቢጠይቅ፣ ያልተነካው ከተነካው ሳይቀላቀል በንጹሕ ዕቃ ቢወጣ፣ ከተረፈው የመጀመሪያው በክብር ለሰው፣ ሁለተኛው ለከብት፣ የመጨረሻው ለብስባሽ ይሆን ነበር። ከሁሉ በፊት ግን የሚተርፈው ራሱ ያንሳል። ያልተጋገረ እንጀራ ጤፉም፣ ውኃውም፣ ማገዶውም እንደዳነ ነው።

ሁለተኛው ስፍራ ከሕንፃዎች ጀርባ ያለው ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የተቃጠለ ኮምፒውተር፣ የዛገ አልጋ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ይከመራል። የንብረት ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስለን። በሞዴል 19 የገባ፣ በሞዴል 22 የወጣ ዕቃ ሁሉ ስም የተጻፈበት የመንግሥት ሀብት ነው፤ ወንበሩን ለአናጢ የሰጠ ሰው ነገ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? እስኪወገድ ድረስ መጠበቁ ይሻለዋል፤ ማስወገዱም ኮሚቴ፣ ግምትና ጨረታ ይፈልጋል። የሕዝብን ንብረት ከሌባ እንዲጠብቅ የተሠራው ሥርዓት በዝገት እንዲጠፋ ይተወዋል። ሕጉ ስለ መግባትና ስለ መውጣት በደንብ ይናገራል፤ ስለ መጠገን ግን እምብዛም። ግቢው ውስጥ ብየዳና የእንጨት ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ሞልተው ሳለ ሌላ ወንበር በጨረታ ሲገዛ ማየት ያሳዝናል።

«ከእኔ ቀጥሎ የማን ነው?» የሚለው ያ የጥንቱ ጥያቄ ከግቢው አጥር ውጭ ግን መልስ አላጣም። «ቆራሌው!» እያለ መንደር ለመንደር የሚዞረው ነጋዴ፣ አሮጌ ልብስ በሳህንና በባልዲ የሚለውጠው ልዋጭ፣ በርሜሉን ምድጃ፣ ጎማውን በረባሶ፣ ቆርቆሮውን ኩራዝ የሚያደርገው የመርካቶው ምናለሽ ተራ የዕቃን ቀጣይ ባለቤት ያውቃሉ። ሃይላንዱን ከካርቶኑ፣ መዳቡን ከብረቱ በዓይን ብቻ ይለያሉ። ዲግሪ ያልሰጠናቸው የዚህ ሙያ መምህራን ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች የቆሻሻ አያያዝ ጥናት ሲያቀርቡ እነዚህን ሰዎች መጠይቅ አስሞልተው ከመሸኘት ይልቅ በዕቅዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያስቀምጧቸው ብዙ ይማራሉ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱም ቢሆን ያለ አብነት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዕፀዋትን ያስተማሩት ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር በብስባሽ ሠርተዋል። የከብት ፍግ፣ አረምና የቤት ጥራጊ በጉድጓድ እየበሰበሰ የተመለሰለት ማሳ ምንም ካላገኘው ማሳ በእጅጉ የበለጠ፣ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ ማዳበሪያው ያላነሰ ምርት ሰጠ። ትምህርቱ ከአራት ኪሎ ወጥቶ ገበሬው ማሳ ላይ ፍሬ አፈራ። ወደ ራሱ ግቢ መመለሱ ግን ዘግይቷል፤ ከተማሪ ማዕድ ቤት ጥቂት ርምጃ ርቆ ያለው የአትክልት ስፍራ ብስባሽ እየናፈቀው ልጣጩ በመኪና ተጭኖ ይወጣል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም በኋላ በነበሩት ዓመታት የከተማዋን የሰው ዓይነ ምድርና ሽንት ሳይቀር ወደ እርሻ ለመመለስ በተደረገው ጥናት ተሳትፏል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ አለን።

ሕጉም አለን። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ሰው ከቤቱ ጀምሮ ጥራጊን እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና እንዳይገባም ከልክሏል። ፌስታሉ ግን ሲበዛ እንጂ ሲቀንስ አላየነውም፤ በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ እስከማጽደቅ ደርሷል። አዋጅ ወጥቶ አሠራሩ ሳይከተለው ሲቀር ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። አዲሱ አዋጅ እንዲለይ የሚመኝ ሰው ዩኒቨርሲቲዎቹን ቢመለከት ይበጀዋል፤ አንድ በር፣ አንድ ማዕድ ቤትና አንድ ግምጃ ቤት ያለው ስፍራ ከከተማ ይልቅ ቶሎ ይለወጣል።

መነሻውም ሩቅ አይደለም። ተማሪው ያለ ማንም ትእዛዝ የጀመረው ነገር አለ፦ ሴኒየሩ ሃንድአውቱንና ያለፈ ፈተናውን ለጁኒየሩ ያወርሳል፤ ተመራቂው ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ፍራሹን ለሚቀረው ጓደኛው ትቶ ይሄዳል። ጓደኛ የሌለው ግን ኮሪደር ላይ ይተወዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ገቢው ያንኑ ባልዲ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ይገዛል። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው የሚቆለፍ አንድ ክፍልና አንድ መዝገብ፣ በክረምቱ ቁልፉን የሚይዝም አንድ ሰው ነው። የተማሪዎች ኅብረት ሊጠይቀው፣ የተማሪዎች አገልግሎትም በራሱ ሥልጣን ሊፈቅደው ይችላል፤ ጨረታም አይፈልግም።