ባለ እጅ

ከጉለሌ ተነስተን ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብንወርድ፣ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬን እናገኛለን። ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው የውሃ ጥናት ባለሙያ ጌሪት ዴከር አገኘው፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን አስቆፈረው። በ2024 ዩኔስኮ ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ታዲያ እዚያ ምን አለ? ቤተ መንግሥት የለ፣ ሐውልት የለ! ያለው ከሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት ጠርቦ መሣሪያ ያበጀ ሰው የእጅ ሥራ ነው። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል።

ግን ወገኖቼ፣ እዚሁ አጠገባችን ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎችስ? ስንት ዘመን «ቡዳ» ሲባሉ ኖሩ! የጥንቱን ባለ እጅ አያታችን እያልን፣ የዛሬውን የምንንቀው በምን ሒሳብ ነው?