የተደራራቢ ትዕዛዝ መስመር አማራጮች ትንተና

የተደራራቢ ትዕዛዝ መስመር አማራጮች ትንተና አንድ ፕሮግራም ተርሚናል ላይ የተጻፈለትን መስመር ቃል በቃል አንብቦ የትኛው ቃል ትዕዛዝ፣ የትኛው አማራጭ፣ የትኛው ደግሞ የአማራጩ እሴት እንደሆነ የሚለይበት ሥራ ነው። ተደራራቢ የሚባለው ዋናው ትዕዛዝ በውስጡ ንዑስ ትዕዛዝ ሲኖረው፣ ንዑስ ትዕዛዙም የራሱን አማራጮች ሲይዝ ነው። ሥራው በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ሊሠራ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የስክሪፕት ቋንቋዎችን፣ በተለይም ፓይተንን ነው።

ለማስረጃ የሚያገለግለው «ገበያ» የተባለ ምናባዊ የፓይተን ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ በአዊ ዞን ከተሞችና ወረዳዎች የሚሸጥ እህል ዋጋ ይመዘግባል እንበል። ቢሮው በዞኑ ዋና ከተማ በእንጅባራ ስለሚገኝ፣ ቦታ ሳይጠቀስ ሲቀር ስክሪፕቱ «እንጅባራ» ብሎ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ሳይጻፍ የሚወሰድ እሴት ነባሪ እሴት ይባላል። የሚከተለው መስመር በዳንግላ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ይመዘግባል (ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ የተጻፈ ነው)፦

ገበያ --ቦታ ዳንግላ መዝግብ --እህል ጤፍ --ዋጋ 120

«ገበያ» ፕሮግራሙ፣ «መዝግብ» ንዑስ ትዕዛዙ ነው። «--ቦታ» ከንዑስ ትዕዛዙ በፊት ስለመጣ የፕሮግራሙ አማራጭ ነው፤ «--እህል» እና «--ዋጋ» ከኋላ ስለመጡ የ«መዝግብ» ናቸው። በአማርኛ የተጻፉ የአማራጭ ስሞች በፓይተን 3 ያለ ምንም ተጨማሪ ዝግጅት ይሠራሉ። የግዕዝ ፊደላት ለተለዋዋጭ ስምነትም ስለሚፈቀዱ፣ ከትንተና በኋላ ውጤቱ «ቦታ» በሚል ስም ሊነበብ ይችላል። በስሙ መካከል ጭረት ካለ (ለምሳሌ «--የገበያ-ቀን») ተንታኙ ጭረቱን ወደ ታች ሰረዝ ይለውጠዋል፤ አለዚያ ፓይተን እንደ መቀነስ ምልክት ያየው ነበር።

ታሪክ

በዩኒክስ የመጀመሪያ ዓመታት እያንዳንዱ ፕሮግራም አማራጮቹን በራሱ መንገድ ይለይ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ «ጌትኦፕት» የተባለውን የሲ ቋንቋ ፈንክሽን በ1985 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ ግን አንድ ወጥ ልማድ እየተስፋፋ መጣ፤ ይህም ኋላ በፖዚክስ መስፈርት ውስጥ ገባ። በመስፈርቱ መሠረት አማራጭ በአንድ ጭረትና በአንድ ፊደል ይጻፋል፤ ብቻውን የቆመ ድርብ ጭረት ደግሞ «አማራጭ እዚህ አበቃ» ማለት ነው። ከድርብ ጭረት ጋር የሚጻፉትን ረጃጅም ስሞች ያስፋፋው የግኑ ፕሮጀክት ነው።

ፓይተን ሦስት ትውልድ አይቷል። የመጀመሪያው የሲውን ፈንክሽን የተከተለው «ጌትኦፕት» ሲሆን፣ ሁለተኛው በፓይተን 2.3 የገባው «ኦፕትፓርስ» ነው። ሁለቱም ንዑስ ትዕዛዝ አያውቁም። ሦስተኛው የስቲቨን ቤተርድ «አርግፓርስ» በፓይተን 2.7 እና 3.2 የመደበኛው ቤተ መጻሕፍት አካል ሆነ፤ ንዑስ ትዕዛዝን በቀጥታ የሚደግፈውም እርሱ ነው። በፐርል በኩል «ጌትኦፕት ሎንግ» ለረጅም ጊዜ መደበኛ መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ቦታው ትርጉሙን ይወስናል

በተደራራቢ ትዕዛዝ አንድ አማራጭ የሚተረጎመው በስሙ ብቻ ሳይሆን በተጻፈበት ደረጃም ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ ጊት ነው። በጊት ትልቁ የላቲን «ሲ» ከንዑስ ትዕዛዙ በፊት ሲመጣ «ሥራውን በዚህ ማውጫ ውስጥ ጀምር» ማለት ነው። ያው ፊደል «ኮሚት» ከተባለው ንዑስ ትዕዛዝ በኋላ ሲመጣ ግን «የቀድሞውን ለውጥ መልእክት መልሰህ ተጠቀም» ይላል። ሁለቱ የሚያመሳስላቸው ፊደሉ ብቻ ነው። ጊት ሦስት ደረጃም አለው፤ «ጊት ሪሞት አድ» ሲባል «አድ» የ«ሪሞት»፣ «ሪሞት» ደግሞ የ«ጊት» ንዑስ ትዕዛዝ ነው። ቀበሌ በወረዳ፣ ወረዳ በዞን ውስጥ እንደሚታቀፍ ማለት ነው።

አርግፓርስ ይህን የሚሠራው ለእያንዳንዱ ንዑስ ትዕዛዝ የተለየ ተንታኝ በመመደብ ነው። ዋናው ተንታኝ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የንዑስ ትዕዛዝ ስም ሲያገኝ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ አማራጭም ሆነ እሴት፣ ለንዑስ ተንታኙ ያስረክባል፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ስለዚህ «--ቦታ» በዋናው ተንታኝ ላይ ብቻ ከተገለጸ፣ ከ«መዝግብ» በኋላ ሲጻፍ «የማይታወቅ ግብዓት» የሚል ስህተት ያመጣል። ይህ ጀማሪን ያናድዳል፤ ነገር ግን ስህተቱ ፊት ለፊት ስለሚታይ ጉዳት የለውም።

ስህተት የማያሳየው ስህተት

ተጠቃሚው «--ቦታ»ን ከፊትም ከኋላም እንዲጽፍ ለማስቻል ብዙ ጸሐፊዎች አማራጩን በዋናውም በንዑሱም ተንታኝ ላይ ይገልጹታል። አርግፓርስ የጋራ አማራጮችን ከሌላ ተንታኝ የሚወርስበት መንገድ ስላለው ነገሩ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል። አደጋውም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ንዑስ ተንታኙ ሥራውን የሚጀምረው በአዲስና ባዶ መዝገብ ነው። በመጀመሪያ የራሱን ነባሪ እሴቶች ይሞላል፤ ከዚያ የተሰጡትን አማራጮች ያነባል፤ በመጨረሻም ያገኘውን ሁሉ በዋናው መዝገብ ላይ ይገለብጣል። ነባሪ እሴቶቹም አብረው ይገለበጣሉ። ስለዚህ ከላይ የታየው መስመር ሲሰጥ ዋናው ተንታኝ «ቦታ ዳንግላ» ብሎ ይይዛል፤ ንዑስ ተንታኙ ግን ከ«መዝግብ» በኋላ «--ቦታ» ስላላገኘ ነባሪውን «እንጅባራ» ይወስድና ዳንግላን ይሽረዋል። ተጠቃሚው በእጁ ዳንግላ ብሎ ጽፏል፤ ፕሮግራሙ የዳንግላን ዋጋ በእንጅባራ ስም መዝግቧል። የስህተት መልእክት የለም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም። ቁጥሩ ትክክለኛ ቁጥር፣ ቦታውም ትክክለኛ ቦታ ስለሆነ ኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ለንዑስ ተንታኙ ነባሪ እሴት ባይሰጠውም ነገሩ አይድንም። ያን ጊዜ የፓይተን «ምንም» የሚል እሴት ዳንግላን ይተካል። ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ ቦታ የሌለው መዝገብ ያስጠረጥራል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በንዑስ ተንታኙ ላይ ነባሪው እንዲታፈን ማድረግ ነው። አርግፓርስ ለዚህ «ሰፕረስ» የተባለ ልዩ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ሲሰጥ አማራጩ በመስመሩ ላይ ካልተጻፈ በመዝገቡ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፣ የሚሽረውም ነገር አይኖርም። ሁለተኛው ለሁለቱ ደረጃዎች የተለያየ የማስቀመጫ ስም ሰጥቶ የትኛው እንደሚቀድም በግልጽ ኮድ መወሰን ነው። የመጀመሪያው ያጥራል። ብዙ ሰው ለሚነካው ስክሪፕት ግን ሁለተኛው ይመረጣል፤ ውሳኔው ለአንባቢ ይታያልና። የትኛውም ቢመረጥ፣ አማራጩ ከፊት ብቻ፣ ከኋላ ብቻ፣ በሁለቱም ቦታ እና በየትኛውም ሳይጻፍ አራት ጊዜ መሞከር አለበት። ስህተቱን የሚያወጣው የመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ስለሆነ ሦስቱን ብቻ የሞከረ ሰው ምንም አያገኝም።

ባዶ ቦታና የንዑስ ትዕዛዝ ስም

መስመሩን በቃላት የሚከፋፍለው ፓይተን ሳይሆን ሼሉ ነው፤ የሚከፋፍለውም በባዶ ቦታ ነው። ከአዊ ወረዳዎች ፋግታ ለኮማ፣ አንከሻ ጓጉሳና ጓጉሳ ሽኩዳድ ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። ስሙ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ፦

ገበያ --ቦታ ፋግታ ለኮማ መዝግብ --እህል ገብስ

«ፋግታ» ብቻ የቦታ እሴት ይሆንና «ለኮማ» እንደ ንዑስ ትዕዛዝ ይታያል። መልሱም «ለኮማ» የተባለ ምርጫ የለም የሚል ነው። ተጠቃሚው ስለ ቦታ ጽፎ ስለ ትዕዛዝ ስለሚመለስለት ግራ ይጋባል። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ሁለት ነጥብ (፡) በጥንቱ ጽሕፈት የቃላት መለያ ቢሆንም ለሼሉ ተራ ምልክት ነው፤ «ፋግታ፡ለኮማ» እንደ አንድ ቃል ያልፋል። በዩኒኮድም ቢሆን ምልክቱ ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከባዶ ቦታ ወገን አልተመደበም፤ ስለዚህ የፓይተን ቃል መከፋፈያም አይቆርጠውም።

ከጽሑፍ ማቀናበሪያ ተገልብጦ የሚለጠፍ ትዕዛዝም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። ማቀናበሪያው ድርብ ጭረቱን ወደ አንድ ረጅም ጭረት ከለወጠው ለዓይን ብዙ ልዩነት የለውም፤ ተንታኙ ግን አማራጭ መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ንዑስ ትዕዛዝ ስም ይቆጥረዋል።

በእሴት ውስጥ ያሉ አማራጮች

ሌላው የመደራረብ ዓይነት ንዑስ ትዕዛዝ ሳይኖር አንድ እሴት ራሱ በውስጡ ስምና እሴት ሲይዝ ነው። የዩኒክስ «ማውንት» ትዕዛዝ በዚህ ይታወቃል፤ ፖዚክስም ለሲ ቋንቋ «ጌትሰብኦፕት» የተባለ ፈንክሽን ደንግጎለታል። በ«ገበያ» ስክሪፕት «--ማጣሪያ እህል=ጤፍ,ዓመት=2016» ሊባል ይችላል። አርግፓርስ ይህን አይፈታም፤ ጸሐፊው በነጠላ ሰረዙ፣ ከዚያም በመጀመሪያው የእኩል ምልክት ራሱ መቁረጥ አለበት። በአማርኛ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው «፣» ማስገባቱ ስለማይቀር ሁለቱንም መቀበል ይገባል።

የፊደልና የቁጥር ጉዳይ

ፊደለ ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል። ሞክሼ ፊደላት በዚያ የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ የዩኒኮድ ማስተካከያ ሕጎችም አያዋህዷቸውም። ስለዚህ «--ሰዓት»፣ «--ሰአት» እና «--ሠዓት» ለተንታኙ ሦስት የተለያዩ አማራጮች ናቸው። አርግፓርስ ለአንድ አማራጭ ብዙ ስም ስለሚቀበል ሦስቱንም መዘርዘር ይቻላል። መስመሩን በሙሉ አስቀድሞ ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሰዎችን ስም ጭምር ይለውጣል። ማስተካከል ያለበት የአማራጩ ስም እንጂ እሴቱ አይደለም።

እሴቱ ከታወቀ ዝርዝር የሚመረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የዞኑ ዋና ከተማ «እንጅባራ»ም «እንጂባራ»ም ተብሎ ይጻፋል። ቁጥጥር ከሌለ መዝገቡ ሁለት ከተማ ያፈራል። አርግፓርስ የሚፈቀዱ እሴቶችን ዝርዝር ይቀበላል፤ ከዝርዝሩ ጋር ከማመሳከሩ በፊት ደግሞ የመለወጫ ፈንክሽኑን ስለሚጠራ፣ ፈንክሽኑ ሁለቱን አጻጻፎች ወደ አንድ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ቁጥጥር ከላይ ከተገለጸው የነባሪ እሴት መሻር ግን አያድንም፤ እንጅባራ በዝርዝሩ ውስጥ አለና።

ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። ፓይተን «፩»ን የቁጥር ምልክት መሆኑን ቢያውቅም ወደ ኢንቲጀር ሲለወጥ አይቀበለውም፤ የሚቀበለው በአሥር ቤት አቀማመጥ የሚጻፉ አሃዞችን ብቻ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ለአሥር፣ ለመቶና ለአሥር ሺህም የራሱ ምልክት አለው። ስለዚህ «--ዋጋ ፻፳» ለመቀበል የተለየ መለወጫ ያስፈልጋል። ለፐርል ዳንኤል ያዕቆብ እንዲህ ያለ መለወጫ ሞጁል አዘጋጅቷል። ቀን የሚቀበል አማራጭም እንዲሁ ነው፤ የፓይተን መደበኛ የቀን አንባቢ ከ12 በላይ የሆነ የወር ቁጥር ስለማይቀበል ጳጉሜን «ስህተት» ብሎ ይመልሳታል።

በባሽ የሚገኘው «ጌትኦፕትስ» አንድ ፊደል ያላቸውን አማራጮች ብቻ ያነባል፤ በፖዚክስ መሠረትም ፊደሉ ከመሠረታዊው የላቲን ስብስብ መሆን አለበት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «-ቦ» የሚል አጭር አማራጭ በፓይተን 3 ይሠራል፤ በባሽ ግን ሊታመንበት አይገባም። ንዑስ ትዕዛዝም በባሽ የሚለየው በእጅ ነው፦ የዋናው አማራጮች ሲያልቁ ቀጣዩ ቃል ይነበባል፤ ከዚያ የቦታ ቆጣሪው ወደ አንድ ተመልሶ ንባቡ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቆጣሪውን መመለስ ከተረሳ የንዑስ ትዕዛዙ የመጀመሪያ አማራጮች ሳይነበቡ ይታለፋሉ።